በተዋረድ የወጣነው ተራራ

እስቲ ፍረዱኝ። ሰው ተራራ የሚወጣው ምን ሲሆን ነው? እኔ እስከማውቀው ድረስ ጠላት ሲያባርረው፣ በሬ ሲጠፋበት፣ አለዚያም ገዳም ሲሳለም ነው። ከሦስቱ አንዱም ሳይገጥመው በሰንበት ምድር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ዳገት የሚገፋ ሰው ካያችሁ ወይ ጤና የለውም፣ ወይ አለቃ አለው። እኔ ጤነኛ ነኝ።

ይህን ስል «የሜዳ ልጅ ስለሆነ ነው» የሚል አይጠፋም። ስሕተት ነው። የተወለድኩት መንዝ፣ ከገደል አፋፍ ላይ ነው። እኛ አገር ዶሮ እንኳ ስታመልጥ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አትሸሽም፤ ወደ ታች የሸሸች ዶሮ የምትገኘው በሌላ ወረዳ ነው። ውሃ ለመቅዳት ወርጄ ወጥቻለሁ፣ ትምህርት ቤት ለመድረስ ወጥቼ ወርጃለሁ። የመንግሥት ሥራ የገባሁበትን ምክንያት በሐቅ ልናገር ካልኩም፣ ወንበር የሚቀመጠው ሜዳ ላይ ስለሆነ ነው። ከዳገት ጋር የነበረኝን ጉዳይ በልጅነቴ ጨርሼ መዝገቡን የዘጋሁ መስሎኝ ነበር።

ሐረር ከመጣሁ ሦስት ዓመቴ ነው። የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ነኝ፤ ለሚገባ ደብዳቤ ቁጥር እሰጣለሁ፣ ለሚወጣ ደብዳቤ ቁጥር እሰጣለሁ፣ በመካከሉ የጠፋውን እፈልጋለሁ። በከተማው በኩል ቅሬታ የለኝም። አየሩ ሸጋ፣ ሰዉ ሳቂታ፣ ሙዙና ብርቱካኑ እንደ ልብ ነው። ቅሬታዬ አንድ ብቻ ነው፤ ባለቤቴ አስካለ ያለችው ደብረ ብርሃን ነው። አስተማሪ ናት። ከተጋባን አራት ዓመት ሲሆነን በአንድ ጣራ ሥር የኖርነው የመጀመሪያውን ዓመት ብቻ ነው። እሷ ወደ እኔ እንዳትመጣ ትምህርት ቤቱ አይለቃትም፤ እኔ ወደ እሷ እንዳልሄድ መሥሪያ ቤቴ አይለቀኝም። በደብዳቤ የሚኖር ትዳር ምን እንደሚመስል ከመዝገብ ቤት ሰው በላይ የሚያውቅ የለም።

ታዲያ ዘንድሮ ከደብረ ብርሃኑ ቅርንጫፋችን «አንድ ሠራተኛ ይላክልን፤ የደረጃውን ነገር ለእናንተ ትተነዋል» የሚል ደብዳቤ መጣ። ፖስታውን የከፈትኩት እኔ ነኝ። በዚያው ቀን የዝውውር ማመልከቻ ጻፍኩ፤ በገዛ እጄ መዘገብኩት፤ በገዛ እጄ ቁጥር ሰጠሁት፤ በገዛ እጄም ዲሬክተሩ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ሦስት ወር ሙሉ ከዚያ አልተነሣም። በየጠዋቱ ሌላ ደብዳቤ ይዤ ስገባ አየዋለሁ፤ በሁለተኛው ወር የሻይ ብርጭቆ ክብ ምልክት ወጥቶበት አገኘሁት። ያ ወረቀት እስኪፈረም ድረስ፣ ዲሬክተሩ ሊያስነጥሱ ገና ሲዳዳቸው «ይማርዎ» የምል ሰው ሆኜ ነበር።

ዲሬክተራችን አቶ መኩሪያ ክፉ ሰው አይደሉም። ችግሩ ቶክዮ ናት። ባለፈው ዓመት ለትምህርት ወደዚያች ከተማ ተልከው ዘጠኝ ወር ተቀመጡ። ሲሄዱ ቦርጭ ነበራቸው፤ ሲመለሱ ቦርጩን እዚያ ጥለው በምትኩ ሐሳብ ይዘው መጡ። ከከተማዋ ዳርቻ በባቡር የሚደረስባቸው ተራሮች አሉ አሉ። እሑድ ሲሆን የባንክ ጸሐፊው፣ ልብስ ሰፊው፣ ባልቴቷ ሳትቀር ትንሽ ከረጢት በጀርባቸው አዝለው፣ ዱላ ጨብጠው፣ ባቡር ተሳፍረው ይሄዱና ጫፍ ይወጣሉ። ጫፍ ላይ ደርሰው ሩዝ ይበላሉ። ከዚያ ይወርዳሉ። ምን ሊያመጡ እንደሚወጡ ብጠይቃቸው «ምንም» አሉኝ፣ ፊታቸው በደስታ በርቶ። ያን ያህል ሕዝብ ምንም ሊያመጣ ተራራ የሚወጣበት አገር እንዴት እንደሚበለጽግ እስካሁን አልገባኝም።

ዱላም ይዘው መጥተዋል። ነጭ እንጨት ነው፤ በየማረፊያው በጋለ ብረት እየተተኮሰ ማኅተም ተመትቶበታል። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ከወሬው ሁሉ ልቤን የነካው ይኸው ዱላ ብቻ ነው። ማኅተም ያለው ተራራ ቢያንስ አሠራር ያውቃል።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሰብስበውን በመስኮት አመለከቱ። ከጀጎል ግንብ ባሻገር፣ በስተደቡብ በኩል፣ ሐኪም ጋራ ተቀምጧል። ትልቅ ተራራ አይደለም። የአገሩ ሰው ጫፉ ላይ ያለውን የቅዱስ ሰው፣ የወልይ፣ መቃብር ለመዘየር ይወጣል፤ ገበሬው ጎኑ ላይ ጫትና ማሽላ ያመርታል፤ ሴቶቹ ጠዋት ጠዋት ከዚያ እንጨት ተሸክመው ወርደው፣ ጊደር መጋላ ገበያ ሸጠው፣ ምሳ ሳይደርስ ቤታቸው ይገባሉ። አቶ መኩሪያ ግን እንዳዲስ ነገር አሳዩን። በየሳምንቱ እሑድ እየወጣን ሳንባችንን እንድናጥብ ፈለጉ። ግዴታ እንዳልሆነ፣ በፈቃድ ብቻ እንደሆነ ነገሩን። በመንግሥት ሥራ ላይ የቆየ ሰው ከግዴታ ይልቅ ፈቃድን ይፈራል። ከስብሰባው ስንወጣ ደግሞ ምክትላቸው ገብረየስ ኮሪደር ላይ ቆሞ፣ የመጣም የቀረም እንደሚታወስ በጆሯችን ሹክ አለን።

ገብረየስን ላስተዋውቃችሁ። ሥራው «ልክ ነው» ማለት ነው። ዲሬክተሩ ጠዋት «ዛሬ ይዘንባል» ሲሉ «ልክ ነው» ይላል፤ ማታ «አልዘነበም እኮ» ሲሉም «ልክ ነው» ይላል። በዕድሜም በማዕረግም ይበልጠኛል፤ ቢሮ ውስጥ አንቱ እለዋለሁ። እዚህ ግን አንቱታውን ነጥቄዋለሁ፤ ቦታው ሲደርስ ለሚገባው ሰው አዛውረዋለሁ።

መንገዱን የሚያውቅ ሰው እንዳለ ዲሬክተሩ ሲጠይቁ አፌ ቀደመኝ። እዚያ ላይ ላሉ ባላባት ደብዳቤ ላደርስ አራት ጊዜ ወጥቼዋለሁ። ይህን ብቻ ብዬ ባቆም ደግ ነበር። ያ የሻይ ብርጭቆ ምልክት ያለበት ወረቀት ትዝ ሲለኝ ግን፣ ዐይኔን ጨፍኜ አደርሳችኋለሁ አልኩ። አንድ ሰዓት ቢፈጅብን ነው አልኩ። የመንዝ ልጅ ነኝ፣ ዳገት የእናቴ ጓሮ ነው አልኩ። አቶ መኩሪያ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «እንግዲያው መሪያችን አንተ ነህ» አሉኝ። ማታውን ለአስካለ ነገሩ መልክ መያዙን ጻፍኩላት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በሦስት ሰዓት፣ ከግንቡ በሮች በአንዱ፣ በቡዳ በር ተገናኘን። የተገኘነው አምስት ሰዎች ነን፤ ሌሎቹ ሁሉ በዚያ ሳምንት አጎታቸው ሞቷል። አቶ መኩሪያ ዱላቸውን ጨብጠው፣ ካሜራ በአንገታቸው አንጠልጥለው ቆመዋል። ገብረየስ ዱላ ስላልነበረው ጃንጥላ ይዟል። የንብረት ክፍሉ አቶ ወርቁ የምሳችንን አገልግል ተሸክሟል። ጽሕፈት መኪና የምትመታው ዋና ጸሐፊያችን ወይዘሪት አልማዝ ባለ ተረከዝ ጫማ አድርጋ መጥታለች፤ እንዲያው ፎቶግራፍ የሚነሡ መስሏት ነው፤ በዓርቡ ስብሰባ ስላልነበረች ተራራውን አልሰማችም። እኔ ያለችኝን አንድ የቆዳ ጫማ አድርጌያለሁ።

በበሩ ስንወጣ አንዲት አሮጊት ከጀርባቸው የሚበልጥ እንጨት ተሸክመው ወደ ገበያ ሲገቡ አገኘናቸው። እማማ ፋጡማ ይባላሉ፤ ስማቸውን ያወቅኩት በኋላ ነው። ከገብረየስ የነጠቅኩትን አንቱታ የማዛውረው ለእሳቸው ነው። ሸክማቸውን ሳያወርዱ ሰላምታ ሰጡን፣ ወዴት እንደምንሄድ ጠየቁን፣ ጫፍ ልንወጣ ነው ስላቸው «ኢንሻ አላህ» ብለው ቀና ብለው ተራራውን፣ ዝቅ ብለው የአልማዝን ጫማ አዩና አለፉ።

እኔ መሪ ነኝና ወደ ፊት ቀደም አልኩ። ሦስት እርምጃ ሳልሄድ ገብረየስ ክንዴን ያዘኝ።

«ምን ልታደርግ ነው?»

መንገድ ልመራ እንደሆነ ነገርኩት።

«ጀርባህን ለዲሬክተሩ ሰጥተህ?»

እዚህ ላይ ነገሩን በቅን ፍረዱ። ልክ ነው እኮ! ሕይወቱን ሙሉ «ልክ ነው» ሲል ኖሮ በዚያች ቀን እሱ ራሱ ልክ ሆኖ ተገኘ። የጨዋ ልጅ ለታላቁ ጀርባውን ሰጥቶ አይሄድም። አባቴ ይህን ያስተማረኝ በጉማሬ አለንጋ ነው። አፍሬ ወደ ኋላ ተመለስኩ። ከዚያ ሌላ ነገር መጣ፤ ከእኔ ፊት ምክትሉ አለ፣ ከምክትሉ ኋላ የንብረት ክፍሉ አለ፣ ከእሱ ኋላ ዋና ጸሐፊዋ አለች። ገብረየስ በየማዕረጋችን ሰደረን። ዲሬክተሩ መንገዱን ከማያውቁት ሁሉ በላይ የማያውቁ ሆነው ከፊት ቆሙ፤ መንገዱን የማውቀው እኔ ጭራ ላይ ቀረሁ። ታዲያ ከዚህ ሆኜ እንዴት ልምራ ስለው ለአፍታ አሰበና «አስተያየት ሲኖርህ በተዋረድ ታቀርባለህ» አለኝ።

በተዋረድ ወጣን።

የመጀመሪያው መታጠፊያ ከጫት ማሳው ጫፍ ነው። በግራ የሄደ ተራራው ላይ ይወጣል፤ በቀኝ የሄደ የሰው ጓሮ ይገባል። ገና ሃምሳ እርምጃ ሲቀረን ለአልማዝ «በግራ» አልኳት። አልማዝ ለወርቁ ነገረችው። ወርቁ አገልግሉን ከቀኝ ትከሻው ወደ ግራ ትከሻው አዛውሮ፣ ላቡን ጠርጎ፣ ለገብረየስ ነገረው። ገብረየስ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ግን አልተናገረም። ዲሬክተሩ ስለ ቶክዮ ባቡር እያወሩ ነበርና አለቃ ሲናገር አይቋረጥም። ባቡሩ ጣቢያ እስኪደርስ ጠበቀ። በዚህ መካከል በቀኝ ታጥፈን ሁለት እርከን አልፈናል። አሁን «ተሳስተዋል» ማለት ሊሆንበት ነው። ስለዚህ የላክሁለትን ቃል አሻሻለው፤ የግራው መንገድም ቢሆን መልካም ነው የሚል ሐሳብ ከበታች ሠራተኞች መቅረቡን አስታወቀ። አቶ መኩሪያ ደስ አላቸውና ለሌላ ጊዜ እንደሚያዩት ነገሩት።

ጠባይህን አሳምር አልኩ ለራሴ፤ ዝም አይነቅዝም። ከሰው ጓሮ ወጥተን ሌላ መታጠፊያ ከሩቅ ሲታየኝ በብልሃት ልሥራ ብዬ ገና ከሩቁ «በቀኝ» ብዬ ላክሁ። በዚህ ጊዜ ደግሞ ምን እንደነካቸው እንጃ፣ መልእክቱ በረረ። ገና መታጠፊያው ጋ ሳንደርስ ዲሬክተሩ ጆሮ ደረሰ። እሳቸውም ትእዛዝ አክባሪ ናቸውና እዚያው በቆሙበት በቀኝ ታጠፉ። በስተቀኝ መንገድ አልነበረም፤ ቁልቋል ነበር።

ከቁልቋሉ እንደወጣን የአልማዝ አንዱ ተረከዝ ተሰበረ። ሁለቱ እግሮቿ እንዲመጣጠኑ ሌላውንም እንድሰብርላት ለመነችኝ፤ በድንጋይ ሰበርኩላት። ወርቁን ራበው። እኔንም ራበኝ። አገልግሉ እንዲፈታ በተዋረድ ጠየቅን፤ ከጫፍ በፊት እንዳይፈታ የሚል መልስ በተዋረድ ተመለሰ። በዚያ ላይ ወርቁ የንብረት ክፍል ሰው ነው፤ ያለ ትእዛዝ የእናቱን ጥሬም ቢሆን አያወጣም። ሽታው ከፊታችን እየሄደ በባዶ ሆዳችን ዳገቱን ገፋን። አቶ መኩሪያ ዘወር እያሉ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ እንደሚሄድ አስታወሱን። እንቁላል ይሂድ፤ ግን በሜዳ ነው የሚሄደው። ዳገት የወጣ እንቁላል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ሰባት ሰዓት ሲሆን ከበላያችን ባለው ትክክለኛ መንገድ ላይ ሰው መጣ። እማማ ፋጡማ ናቸው። እንጨቱን ሸጠው፣ ጨውና ጋዝ ገዝተው ወደ ቤታቸው እየወጡ ነው። ቁልቁል አይተውን ቆሙ።

«ሱብሃነላህ! እናንተ ሰዎች፣ ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ናችሁ? ምን ጠፋባችሁ?»

አፌን ልከፍት ስል ገብረየስ ጃንጥላውን ደረቴ ላይ አደረገ። በዝቅተኛ ድምፅ፣ የአንድ መሥሪያ ቤት ዲሬክተር ከእንጨት ሻጭ መንገድ ሲጠይቅ ተሰምቶ እንደሚያውቅ ጠየቀኝ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ ምንም እንዳልጠፋብን፣ አካባቢውን እየጎበኘን እንደሆነ ነገራቸው። እሳቸውም አላህ ያግዛችሁ ብለው ሄዱ። ጨውና ጋዝ ይዘው፣ ቀጥ ባለው መንገድ፣ እያየናቸው ሄዱ። በዚያች ደቂቃ የተሰማኝን ንዴት ልነግራችሁ አልችልም። መንገዱ እዚያ አለ። መንገዱን የሚያውቁት እዚያ አሉ። የማውቀው እኔም እዚህ አለሁ። እኛ ግን በፍየል ዱካ ወደ ሌላ አቅጣጫ እንሄዳለን፤ ለምን ቢባል ማንም ሰው አንዲት ቃል በቀጥታ መናገር ስለማይገባው።

ታዲያ አንተስ ለምን ዝም አልክ? ትሉኛላችሁ። እውነታችሁን ነው። አፌን በከፈትኩ ቁጥር ግን አስካለ ትታየኛለች። አንድ ፊርማ ነው የቀረኝ። የሦስት ዓመት ናፍቆት በአንድ ቀን ቁልቋል ይከፈል እያልኩ ዋጥኩት። ዲሬክተርን «ተሳስተዋል» ብሎ በሳምንቱ ዝውውር ያገኘ ሰው እኔ በያዝኩት መዝገብ ውስጥ የለም።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ከአንድ ጉብታ ላይ ደረስን። ጉብታ ነው። በስተኋላው ሐኪም ጋራ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ይወጣል። አቶ መኩሪያ ግን ዱላቸውን መሬት ላይ ተከሉና በረጅሙ ተነፈሱ።

«ይኸው፤ ጫፍ ማለት ይህ ነው። አይደለም እንዴ ገብረየስ?»

«ልክ ነው» አለ ገብረየስ።

በመንግሥት ሥራ ስኖር ብዙ ያለቦታው የተሰጠ ሹመት መዝግቤያለሁ። አንድ ጉብታ በቃል ትእዛዝ፣ በአንድ ጊዜ፣ ወደ ተራራ ጫፍነት ሲያድግ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው። ወርቁ አገልግሉን ሊፈታ ተንበረከከ። ዲሬክተሩ ግን አስቀድሞ ፎቶግራፍ እንዲነሣ አዘዙ፤ ጃፓኖቹ እንደዚያ ነው የሚያደርጉት። አራታችንን በማዕረጋችን ደረደሩንና ካሜራቸውን ዐይናቸው ላይ አድርገው ፊት ለፊታችን ቆሙ። ትንሽ አዩና ግራ ገባቸው። ከኋላችን አንድ ሌላ ተራራ ፎቶው ውስጥ እየገባባቸው እንደሆነ ተናገሩ። ማን ይባላል ብለው ጠየቁ። ገብረየስ ዞሮ እንኳ ሳያይ፣ ጎረቤት ተራራ እንደሆነና ብዙም እንደማይታወቅ ነገራቸው። ደግ ሰው ናቸውና እንግዲያው እሱም ይግባ ብለው፣ ዐይናቸውን ከካሜራው ሳያነሡ፣ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄዱ። እንደገና አንድ ሄዱ።

እኔ ከሰልፉ ጫፍ ላይ ስለሆንኩ የጉብታው ጎን ይታየኛል። ከጀርባቸው አጭር ቁጥቋጦ አለ። ከቁጥቋጦው ወዲያ ምንም የለም። ድንጋይ ሲፈለጥበት የኖረ ቦታ ነው፤ መሬቱ በቢላ እንደተቆረጠ ዳቦ ነው ያለቀው።

ልማድ እንዴት ክፉ እንደሆነ ስሙ። በመጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ምን ይመስላችኋል? ለአልማዝ «ገደል አለ በያቸው» አልኳት። አልማዝም ፈገግታዋን ሳታጠፋ ለወርቁ ነገረችው። ወርቁ ለገብረየስ ነገረው። ገብረየስ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጌታዬ፣ ፈቃድዎ ከሆነ» ብሎ ጀመረ። ዲሬክተሩ ሌላ እርምጃ ሄዱ፤ ተረከዛቸው ቁጥቋጦውን ነካ።

ሰልፉን ሰብሬ ሮጥኩ። ዋና ጸሐፊዋን አልፌ፣ ንብረት ክፍሉን አልፌ፣ ምክትሉን በክርኔ ገፍቼ፣ የዲሬክተሩን ኮት በሁለት እጄ ጨምድጄ ወደ እኔ ጎተትኳቸው። ሁለታችንም አገልግሉ ላይ ወደቅን። የአስካለ ምስል፣ የሻይ ብርጭቆው ምልክት፣ የአባቴ አለንጋ፣ ሁሉም በአንድ ላይ ከአእምሮዬ ጠፋ። ከወደቅሁበት ሳልነሣ የስድስት ሰዓቱ ሁሉ ወጣልኝ።

«ጌታዬ፣ ከኋላዎ ገደል ነው። ይህም ጫፍ አይደለም፤ ጫፉ ያ ከበላያችን ያለው ነው። ከጠዋት ጀምሮ ጠፍተናል። ሁላችንም እናውቃለን፤ የማያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት፤ የሚነግርዎት ሰው ስለሌለ።»

አቶ መኩሪያ ቀስ ብለው ዞሩና ቁጥቋጦውን በዱላቸው ገለጥ አድርገው አዩ። ከዚያ ወደ ላይ ቀና ብለው ጎረቤት የተባለውን ተራራ አዩ። ከዚያ ገብረየስን አዩት። ገብረየስ «ልክ ነው» ሊል ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት፤ ግን ከሁለታችን የማንኛችንን ልክ እንደሚል ስላላወቀ ተወው።

ጩኸቱን ሰምተው እማማ ፋጡማ ከቤታቸው ወጥተው መጡ፤ ለካ ቤታቸው ከዚያ ማዶ ነው። ነገሩን ካዩ በኋላ በቀጥታ ወደ ዲሬክተሩ ሄዱ። እሳቸው ዘንድ ሁሉም ሰው «አንተ» ነው።

«አቦ፣ አንተ ሰውዬ፣ አራት ሰው ይዘህ አንድ መንገድ የሚነግርህ አጣህ? ይኼ መንገድ ወላሂ የፍየል ነው። ና፣ ተከተለኝ።»

ዲሬክተራችን ተከተሏቸው። እማማ ፋጡማ ጀርባቸውን ለዲሬክተር ሰጥተው፣ ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ፣ ከፊት ከፊት ሄዱ። ሰማይ አልተደፋም። በሩብ ሰዓት ውስጥ ትክክለኛው መንገድ ላይ አደረሱን፤ ከዚያ ወርደን ቡዳ በር ስንደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። በመንገድ ላይ ወርቁ የተደፋውን ምሳ ሲያስብ፣ አልማዝ እያነከሰች፣ ገብረየስ ጃንጥላውን ዘርግቶ ከኋላ ሲመጣ፣ አቶ መኩሪያ ዱላቸውን እንደ ሸክም ታቅፈው ወረዱ። እኔ ደግሞ ለአስካለ የምጽፈውን እያሰብኩ ነበር። ዲሬክተሩን አገልግል ላይ ጥዬ፣ በሰው ፊት ተሳስተዋል ብዬ ማዋረዴን፣ ዝውውሩም በገዛ እጄ መቅረቱን እንዴት አድርጌ እንደምጽፍላት ጨነቀኝ።

ሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት ተጠራሁ። ስገባ ማመልከቻዬ ፊታቸው ተዘርግቷል። ቁጭ በል አሉኝ። በሦስት ዓመት ውስጥ በዚያ ክፍል ቁጭ ብዬ አላውቅም።

«ሌሊቱን ሙሉ አሰብኩ» አሉኝ። «በጠዋት ወጥቼ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ስሳሳት ማንም ካልነገረኝ፣ እዚህ ወንበር ላይ ስንት ዓመት ስሳሳት ኖሬ ይሆን?»

ልቤ ሞቀ። ሰውየው ገባቸው። አመሰገኑኝ፤ እንደ ወንድም አመሰገኑኝ። እውነት ተናግረህ የመሸበት እደር ይባላል እኮ ብዬ በሆዴ አባቶቼን መረቅኋቸው። ብዕራቸውን አነሡ። ማመልከቻዬ ላይ ጻፉ፣ ፈረሙ፣ አዙረው ሰጡኝ። እዚያው ፊታቸው አነበብኩት። ሠራተኛው ለዚህ መሥሪያ ቤት እጅግ አስፈላጊ ስለሆነ ዝውውሩ አልተፈቀደም ይላል።

ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባውን አየሁ። እሳቸው ግን ደስ ብሏቸዋል። ከእንግዲህ ከጎናቸው ባለው ክፍል እንደምሠራ፣ ስሕተታቸውን በየቀኑ እየገባሁ እንደምነግራቸው፣ እንደ እኔ ያለውን ሰው ለደብረ ብርሃን ለመስጠት እብድ እንዳልሆኑ ነገሩኝ። ባለቤቴ እዚያ መሆኗን አስታወስኳቸው። ያዝናሉ፤ ከልባቸው ያዝናሉ፤ ግን ደብረ ብርሃን የጠየቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። ለዚያም የማያስፈልጋቸውን ሰው አግኝተዋል።

ገብረየስን ላኩት!

አሁን ፍርዱን ስጡኛ! «ልክ ነው» ያለው ሰው ሚስቴ ያለችበት ከተማ ተላከ፤ «ልክ አይደለም» ያልኩት እኔ ተቀመጥኩ። ውሸታሙ ዝውውር አገኘ፤ እውነተኛው የጎን ክፍል አገኘ። እውነት ተናገርኩ፤ የመሸብኝም ሐረር ነው። ገብረየስ ሊሰናበተኝ ቤቴ ድረስ መጣ። ቅዝቃዜው እንዴት እንደሆነ፣ ካፖርት መያዝ እንዳለበትና እንደሌለበት ጠየቀኝ። አይበርድም፣ እንደ ሐረር ነው አልኩት። ልክ ነው ብሎ ያለ ካፖርት ሄደ። ምን ላድርግ፣ ለአስካለ አንድ ቁና ቡናና አንድ ረጅም ደብዳቤ ላክሁበት። በደብዳቤው ሁሉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጻፍኩላት፤ ተራራውን፣ ጉብታውን፣ ገደሉን፣ ሰልፉን መስበሬን። ሚስቴ ናትና እንድታዝንልኝ ፈልጌ ነበር።

መልሷ ባለፈው ወር ደረሰ። አስካለ ደብዳቤዋ አጭር ነው፤ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እንደሚጽፍ ሰው ነው የምትጽፈው። ቡናው መድረሱን፣ ሰውየው በብርድ መታመሙን፣ እውነት በመናገሬም እንደኮራችብኝ ጻፈች። ከዚያ መስመር ዘልላ እንዲህ አለች፦

«አንድ ነገር ብቻ ሳትደብቅ ጻፍልኝ። ገደሉ ምን ያህል ይጠልቅ ነበር?»

በማግስቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ብቻዬን ተነሥቼ ያን ዳገት ወጣሁ። ማንም አላዘዘኝም። ትክክለኛውን መንገድ ስለያዝኩ አንድ ሰዓት አልፈጀብኝም። ከጉብታው ላይ ደርሼ ቁጥቋጦውን ገለጥኩና ወደ ታች አየሁ። ሁለት ሰው ቁመት ቢሆን ነው፤ ከሥሩም ድንጋይ ፈላጮቹ የከመሩት ለስላሳ አሸዋ አለ። እግር እንኳ አይሰብርም።

ለአስካለ ግን እስካሁን አልጻፍኩላትም።